ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ዳር ምግብ ለመሸጥ፦ ቦታው፣ ወረቀቱ፣ ውሃው

መንገድ ዳር ምግብ መሸጥ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን ከጫፉ ይይዘዋል። መጀመሪያ ከሰልና ምድጃ ይገዛል። ደንበኛ ያለምዳል። ወረቀት ትዝ የሚለው ደንብ አስከባሪ ፊቱ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ምድጃውም ድስቱም መኪና ላይ ተጭኗል።

ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ምግቡን ምረጡ፣ ከዚያ ቦታውን ያዙ፣ ከዚያ ወረቀቱን ጨርሱ። እሳት የሚነደው መጨረሻ ላይ ነው። ምግቡ ሳይታወቅ ስለ ቦታ ማውራት አይቻልም። ቦታው ሳይታወቅ ደግሞ ቢሮ መሄድ መመላለስ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው አድራሻ ነውና።

1. ምን እንደምትሸጡ ቁረጡ

"ምግብ እሸጣለሁ" አይበቃም። የንግድ ፈቃድ የሚወጣው ለተወሰነ የሥራ ዘርፍ ነው። የጤና ተቆጣጣሪውም የሚያየው ነገር እንደ ምግቡ ይለያያል። ቆሎና ኦቾሎኒ ለሚሸጥ ጥላና ክዳን ያለው ዕቃ ሊበቃው ይችላል። ሳንቡሳ የሚጠብስ ሰው ግን የፈላ ዘይቱን ከሕፃናትና ከመንገደኛ የሚያርቅበት ስፍራ ይፈልጋል።

ቀላሉ ምድብ ደረቅ ነገርና እሳት ነክቶት ወዲያው የሚሸጥ ነገር ነው፦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የጀበና ቡና፣ ሻይ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ። መካከለኛው ሳንቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች በዳጣ ነው። ከባዱ ዓሣ፣ ሥጋ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬና ጭማቂ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከከባዱ አትጀምሩ። ጭማቂ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ግን እሳት የሚባል አይነካውም። ፍሬው የታጠበበት ውሃ፣ በረዶው፣ የመፍጫው ጥግ፣ ብርጭቆው፣ ሁሉም ንጹሕ ካልሆነ በሽታው በቀጥታ ደንበኛው ሆድ ውስጥ ይገባል። ለእኔ ከሆነ ሁለት ዓይነት ምግብ በደንብ የሚሠራ ሰው ስድስት ዓይነት ከሚደረድር ይሻላል። ዕቃው ያንሳል፣ የሚተርፈው ያንሳል፣ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀውም ያንሳል።

2. ቦታ

ሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሏት፦ ሐይቅ ዳር፣ መናኸሪያ፣ ምሥራቅ፣ ባህል አዳራሽ፣ ታቦር፣ አዲስ ከተማ፣ መሃል ከተማና ሀዌላ ቱላ። ጉዳያችሁ የሚያልቀው ልትሠሩበት ያሰባችሁት ቦታ ባለበት ክፍለ ከተማ ነው እንጂ እናንተ በምትኖሩበት አይደለም። ታቦር እየኖሩ ሐይቅ ዳር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሳያዩ ወደ ሰፈራቸው ቢሮ ይሄዱና ቀኑ ያልቅባቸዋል።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ደንበኛው መቼ እንደሚያልፍ እዩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ሰው የሚበዛው ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ክረምቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ተማሪው ለዕረፍት ሲሄድ ገበያው አብሮት ይሄዳል። ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ እሑድ ነው። መናኸሪያው ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ይነቃል፤ እዚያ የሚፈለገው ቶሎ የሚያዝ፣ መኪና ላይ የሚበላ ነገር ነው። ተቀምጦ የሚጠጣ ቡና ለተሳፋሪ አይሆንም፣ ለረዳትና ለሾፌር ግን ይሆናል።

ከዚያ የማይሆነውን አውጡ። የእግረኛ መንገድን የሚዘጋ ቦታ ቦታ አይደለም። ዜብራ፣ የመንገድ መታጠፊያ፣ የባጃጅ መጫኛ፣ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት በር አፍ ላይ አትቁሙ። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር እሳት አታንድዱ። ከቆሻሻ ገንዳ፣ ከክፍት ቦይ፣ ከሕዝብ መጸዳጃ ቤትና ከጋራዥ ራቁ። ዝንብና አቧራ የምታሸንፉበት መንገድ የላችሁም። የኮሪደር ልማት የተሠራባቸው መንገዶች ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ፤ የመጀመሪያው ቁጥጥር እዚያ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ በቃል የተሰጠ ቦታ ቦታ አይደለም። "እዚህ ቁም፣ ማንም አይነካህም" የሚላችሁ ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ ተዛውሯል። የሚያዋጡ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የከተማው አስተዳደር የሚመድበው መሸጫ ወይም ሼድ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በሥራ ዕድል ፈጠራ በኩል፣ ተደራጅተው ለሚመጡ ይሰጣል። ተራው ይረዝማል። ሆኖም ስማችሁን አስመዝግባችሁ ሌላውን መንገድ እየሞከራችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው በገበያ ውስጥ መደብ ማግኘት ነው። ትልቁ ገበያ በተለይ ሰኞና ሐሙስ ሰው ይጎርፍበታል። እዚያ መደቡን ማን እንደሚያስተዳድርና ክፍያው በደረሰኝ መሆኑን አረጋግጡ።

ሦስተኛውን እኔ ለጀማሪ አስቀድማለሁ፤ የሱቅ በረንዳ መከራየት። ሱቁ ሕጋዊ ነው፣ አድራሻ አለው፣ ብዙ ጊዜ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት አለው። ኪራዩ ይቆረቁራል። ግን ከቢሮ ለሚጠየቀው የአድራሻ ማስረጃ በጽሑፍ የተደረገ የኪራይ ውል ይኖራችኋል። ውሉ ላይ የውሃና የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም በስም ይጻፍ። "ውሃው የጋራ ነው" የሚል የአፍ ስምምነት የመጀመሪያው ከፍ ያለ የውሃ ሂሳብ ሲመጣ ይፈርሳል። በረንዳውም የሱቁ ይዞታ ውስጥ መሆኑን እዩ፤ አንዳንዱ በረንዳ ሲለካ የመንገድ ሆኖ ይገኛል።

3. ወረቀቱ

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። የምግብ ደኅንነቱ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለው። አዋጆቹን በቃላችሁ መያዝ አይጠበቅባችሁም። ተራውን ማወቅ ይበቃል።

በመጀመሪያ መታወቂያ። የፋይዳ ቁጥር ከሌላችሁ አሁኑኑ አውጡ። የነዋሪነት መታወቂያችሁ የታደሰ ይሁን። ስማችሁ በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አስተያዩ። "ኃይለ" እና "ሀይለ" የሚለው ልዩነት አንድ ቀን ሊያስመላልስ ይችላል።

ሁለተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሰው ቲን የሚለው። ገቢዎች ቢሮ ሰው ከመላክ ራሳችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ የቦታው ማስረጃ፤ የኪራይ ውል ወይም የምደባ ደብዳቤ።

አራተኛ የብቃት ማረጋገጫ። ምግብ ነክ ሥራ ላይ ከንግድ ፈቃዱ በፊት የጤናው ዘርፍ ቦታውንና አያያዙን ይመለከታል። ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት የእጅ መታጠቢያው፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ የምግብ መሸፈኛውና የሠራተኛው የጤና ምርመራ ወረቀት ቦታው ላይ ይገኙ። "እንገዛዋለን" የሚል መልስ ሌላ ቀጠሮ ነው የሚያመጣው።

አምስተኛ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ፣ በንግድ ጽሕፈት ቤቱ። የሥራ ዘርፉ ሲመረጥ ጎን ቆማችሁ አንብቡ። ለሻይ ቡና የወጣ ፈቃድ ዓሣ ለመጥበስ አይሠራም። ቅጹ በሲዳምኛ ከሆነና ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች። የክፍያውን ልክ ከቢሮው ሰሌዳ አንብቡ እንጂ በር ላይ ከቆመ ደላላ አፍ አትስሙ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ቁጠሩት። ሌላው፣ የሰው ፈቃድ ተከራይታችሁ አትሥሩ። ንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህ ከተማ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ርካሽም ይመስላል። ግን ሲያዝ አከራዩም ተከራዩም ይጠየቃሉ፣ በስሙ የሚመጣው ግብር ደግሞ ሁለቱን ያጣላል።

ኦሪጅናሉን ቤት አስቀምጡ። ሥራ ቦታ ላይ ኮፒውን በላስቲክ አድርጋችሁ በሚታይ ቦታ ስቀሉ።

4. ውሃ

የምግቡን ደኅንነት ከሌላው ሁሉ በላይ የሚወስነው ውሃ ነው። ቦታችሁ ላይ ቧንቧ ከሌለ በቀን ስንት ጀሪካን እንደምትፈልጉ አስቡ። እጅ መታጠቢያው ራሱ ይበላል፣ ዕቃ ማጠቢያው ከሁሉም ይበልጣል። የመጠጥና የማብሰያ ውሃ የሚቀመጥበት ጀሪካን ለብቻው ይሁን፤ ዘይት የነበረበት ወይም ኬሚካል የነካው አይሆንም። ቀለሙን ለዩት፣ ቢጫው ለመጠጥ ከሆነ ሁሌም ቢጫው ይሁን።

ምንጩ የማያስተማምን ውሃ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ይታከም። መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጨምሮ ወዲያው መቅዳት ካለመጨመር ብዙም አይሻልም።

እጅ መታጠቢያው ባለቧንቧ ጀሪካን ሆኖ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሳሙና ይኑር፣ ከሥር የሚቀበል ባልዲ ይኑር። ሳፋ ውስጥ እጅ ነክሮ ማውጣት መታጠብ አይደለም።

አሁን ወደ ሲኒው። ጀበና ቡና መንገድ ላይ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ያችን ሳፋ ያውቃታል፦ ጠዋት የተሞላች፣ እኩለ ቀን ላይ ራሷ ቡና የመሰለች። ቡናው ፈልቷል፣ ሲኒው ግን አሥር ሰው አፍ ነክቶት በዚያ ውሃ ተለቃልቋል። ሦስት ሳፋ ያዙ። በመጀመሪያው በሳሙና እጠቡ፣ በሁለተኛው በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በሦስተኛው በበረኪና ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩ። ለአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ በረኪና በቂ ነው። ከዚያ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ በአየር አድርቁ፤ በፎጣ አትወልውሉ፣ ፎጣው ከሳፋው የባሰ ነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ይመርዛል። ውሃው ሲደፈርስ ይቀየር። ጤና አዳሙንም እጠቡት፤ ቡናው ላይ የሚጣለው ቅጠል ከገበያ አቧራ ጋር ነው የመጣው።

5. እንደ ምግቡ

ሦስት ቁጥር ያዙ። የበሰለ ምግብ ለብ ባለ ሁኔታ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። ቴርሞሜትር ካልያዛችሁ፣ እንፋሎቱ የማይታይ ድስት ትኩስ አትበሉት። በሐዋሳ የቀን ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም።

ድንች በዳጣ፦ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉ፣ ደንበኛ ሲመጣ ላጡ። የተላጠ ድንች ትሪ ላይ ተከምሮ ሲውል ዝንብም እጅም ይነካዋል። ዳጣው በየቀኑ ትኩስ ይሠራ። ማቅጠን ካስፈለገ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ። ክዳንና የራሱ ማንኪያ ይኑረው፤ ደንበኛ ነክሶ በተረፈው ድንች እንዲያጠቅስ አትፍቀዱ። ቅር የሚለው ካለ በትንሽ ሳህን ለብቻው ስጡት።

ሳንቡሳና ፓስቲ፦ አደጋው ያለው ከውጭው ሳይሆን ከመሙያው ነው። የበሰለ ምስር ቶሎ ይኮመጥጣል። ጠዋት የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ሥሩ። የቀዘቀዘ ሳንቡሳ ዘይት ውስጥ ነከር ሲደረግ ቆዳው ይሞቃል፣ ውስጡ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ዘይቱ ከጠቆረ፣ አረፋ ከደፈቀ፣ ገና ሳይግል ከጨሰ ዕድሜው አልቋል። አዲስ ዘይት ጨምሮ ማስታመም አያድነውም። የጾም ደንበኛ "ዘይቱ የጾም ነው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንቁላል ወይም ሥጋ የምትጠብሱ ከሆነ መጥበሻው ይለይ፣ መልሳችሁም እውነት ይሁን።

እንቁላል፦ ቅርፊቱ እስኪሸጥ አይነሳ። የተሰነጠቀውን ራሳችሁም አትብሉት።

ኦቾሎኒ፦ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ፍሬ ይለቀም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እርጥብ ማዳበሪያ ላይ የተከመረ ኦቾሎኒ በርካሽ ሲሰጣችሁ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ።

ፍራፍሬ፦ አናናስና ማንጎ ደንበኛው እያየ ይቆረጥ። ፍሬው ከመቆረጡ በፊት ልጣጩ ይታጠብ፤ ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና። ትኩስ እንዲመስል ውሃ መርጨት ይቅር።

ዓሣ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሐዋሳ ናትና። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የቆየ ልማድ ነው፣ የሚወዱትም ብዙ ናቸው። መንገድ ዳር ግን ጥሬ ዓሣ አትሽጡ። የሐይቁ ዓሣ ጥገኛ ትሎች ይገኙበታል፣ ዳጣውም ሎሚውም አይገድላቸውም። እሳት ይገድላቸዋል። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ስትገዙ ጠዋት የወጣውን ግዙ። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫን ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። በረዶ ባለበት ሳጥን አምጡት። በረዶ ከሌላችሁ ዓሣ የምሳ ሰዓት ሥራ ብቻ አድርጉት፤ እስከ ማታ አይቆይላችሁም። ጥሬው የተቆረጠበት ጣውላና ቢላ የተጠበሰውን አይንካ። እስከ አጥንቱ ይብሰል። አንጀቱንና ቅርፊቱን ከድናችሁ አስወግዱ፤ አለበለዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰፈራችሁ ድረስ ይመጣሉ፣ ከነሱ በኋላ ጎረቤት ለአቤቱታ ይመጣል።

መጠቅለያ ላይ ያገለገለ ጋዜጣና የተማሪ ደብተር ይቅር፣ ቀለሙ ዘይት ላይ ይለቃል። ፌስታል ደግሞ በ2017 በጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሏል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም የወረቀት ከረጢት ግዙና ወጪውን ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

6. ሰውየው

ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ የጤና ምርመራ ወረቀት ይኑረው። ለአንድ ሳምንት የምትረዳችሁ የአክስት ልጅም ጭምር። ምርመራው ግን የዛሬን አያሳይም። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ካቆመለት በኋላም 48 ሰዓት ምግብ አይንካ። ቀን ማጣት ያማል፣ አውቃለሁ። ኮሌራ ወይም አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚዘጋው የመንገድ ዳር ምግብ ነው፤ ያን ጊዜ የሚታጣው አንድ ቀን አይደለም።

ጥፍር ይቆረጥ፣ ፀጉር ይሸፈን፣ ቁስል በፕላስተር ይታሸግ። ገንዘብ የሚቀበል እጅ ምግብ አያነሳም። ብቻችሁን ከሆናችሁ በመቆንጠጫ አንሱ፣ ወይም ደንበኛው በቴሌብር እንዲከፍል ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ።

7. ቆሻሻና ደንብ አስከባሪ

የዕቃ እጣቢና ያረጀ ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋም። የሐዋሳ ሐይቅ የገባበትን የሚያስወጣ ወንዝ የለውም። ቦዩ ወስዶ የጣለበት እዚያው ይቀራል፣ እናንተም ነገ ከዚያው ዓሣ ትገዛላችሁ። ዘይቱን በጠርሙስ፣ አመዱን በቆርቆሮ አጠራቅሙ። እፍኝ የማትሞላ ፍም ገንዳ ሙሉ ቆሻሻ ታቃጥላለችና አመዱ እስኪበርድ ጠብቁ። ማታ ስትነሱ መሬቱ ተጠርጎ ይደር። ጎረቤት የማያማርርበት ሻጭ ላይ ደንብ አስከባሪም ብዙ አይመጣም።

ሲመጡ ደግሞ አትሩጡ፣ አትሳደቡም። ወረቀቱን አሳዩ። ችግሩ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሸራው ወደ መንገድ ወጥቶ ከሆነ እዚያው አስገቡት። ቅጣት ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ። ዕቃ ከተወሰደ የተወሰደው ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣችሁ፤ ካልተሰጣችሁ ስልካችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዝርዝሩን ጻፉ። ቅሬታ የሚቀርበው በማግስቱ በክፍለ ከተማው ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም።

8. በዓል

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል አካባቢ ሰው እንደሚጥለቀለቅ ሁሉም ያውቃል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌም እንዲሁ። የወትሮ ፈቃዳችሁ ለዚያ ቦታ አይሠራም፤ ቀደም ብላችሁ ክፍለ ከተማውንና የበዓሉን አዘጋጆች ጠይቁ። ምግቡን ማታ ሠርቶ ማሳደር ያጓጓል። በዓል ላይ ሰው የሚታመመው በዚሁ ነው። ጥሬ ዕቃውን ማታ አዘጋጁ፣ ማብሰሉን ለጠዋት ተዉት።

9. እድሳትና መዝጋት

ፈቃዱ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥን አትጠብቁ፣ ሰልፉ የሚረዝመው ያኔ ነው። ለእድሳት የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ስለሚጠየቅ የገቢና ወጪ ደብተር በየቀኑ ያዙ፣ ስኩዌር ደብተር ይበቃል። ገቢውን መዝግቦ ያልያዘ ሰው ግብሩ የሚወሰነው በሌላ ሰው ግምት ነው። ቦታ ብትቀይሩ ወይም አዲስ ምግብ ብትጨምሩ ፈቃዱ ላይ አስቀይሩ።

ሥራውን ካቆማችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ መልሱ፣ ገቢዎችም ሄዳችሁ አሳውቁ፣ የመለሳችሁበትን ወረቀት አስቀምጡ። ያልተመለሰ ፈቃድ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ልትጀምሩ ስትሄዱ የድንቹ ሥራ ግብርና ቅጣት ተደምሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል።